አሜኑ በሰዓቱ እንዲደርስ

ምርቃት ተቀባይ ይፈልጋል። ሽማግሌው አንዲት ሐረግ ይላሉ፣ ቤቱ «አሜን» ይላል፣ እሳቸውም ያቺን አሜን ሰምተው ወደ ቀጣዩ ይሻገራሉ። አሜኑ ሲደምቅ ምርቃቱ ይረዝማል፤ ሲሳሳ ያጥራል። መቼ «አሜን» እንደሚባል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ትንንሽ ልጆች እንኳ ቦታውን ያውቁታል። የእኔ እንጀራ ደግሞ ይህንኑ ነገር ባሕር አሻግሮ ማገናኘት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር በቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ መምጣት ላልቻለው ዘመድም በቀጥታ አስተላልፋለሁ። ስለ ቪዲዮ መዘግየት የማውቀው አብዛኛው ነገር የጀመረው ከአንድ አረጋዊ ምርቃት ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ሠርግ ላይ የካሜራ ረዳት ነበርኩ። የሙሽራው አያት ቪዛ ስላላገኙ አዲስ አበባ ቀርተዋል። ቤተሰቡ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ታይተው እንዲመርቁ ፈለገ። አባባ ነጭ ጋቢ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ብቅ ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ትንሽ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። «አሜን!» አልን። የእኛ አሜን ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ጠበቁ። ዝም ሲልባቸው ያልተሰሙ መሰላቸውና ያንኑ ደገሙት፤ ድግሙን ሳይጨርሱ የፊተኛው አሜን ደረሰባቸውና ቆም አሉ። እኛ ደግሞ ድግሙን ሰምተን ሁለተኛ አሜን ስንል እሳቸው ሌላ ጀምረዋል። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ ተጋጨን። ከጎናቸው ያለችው ልጅ «አባባ ቀጥሉ፣ ይሰማል» ስትላቸው ይታየናል። በመጨረሻ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያክብራችሁ» ብለው አሳጠሩት። የልጅ ልጃቸውን ለመዳር ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁ ሰው የሚሉት ገና ብዙ እንደነበረ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

አጠገቤ የነበሩ አንድ እንግዳ «አገሩ ሩቅ ነው፣ ምን ይደረግ» አሉ። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እውነት ርቀቱ መሆኑን ማወቅ ፈለግሁ።

ርቀት የራሱ ድርሻ አለው። ብርሃን በኬብሉ የመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምንም ነገር ሳያስቆመው ቢመጣ ምስሉ ከ60 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ናት። ኬብሉ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገር፣ በተለይ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀይ ባሕር፣ በግብፅና በሜዲትራኒያን አድርጎ አውሮፓ ይገባና አትላንቲክን ይሻገራል። እንዲያም ሆኖ እኔ በምለካበት ጊዜ ደርሶ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። የአባባ ምርቃት ላይ ያየነው መዘግየት ግን አራት ሰከንድ ይጠጋ ነበር። ታዲያ የቀረው የት ጠፋ?

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልክን የሩጫ ሰዓት ከፍቶ ካሜራው ፊት ማስቀመጥ ነው። ሰዓቱንና ምስሉ የሚታይበትን ስክሪን ጎን ለጎን አድርጎ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት መዘግየቱ ነው። አዲስ አበባ ካለው ወገን ጋር ሲሆን ደግሞ «ካሜራህን ወደ ስክሪኑ አዙርልኝ» እለዋለሁ። የእኔ ሰዓት እዚያ ደርሶ ተመልሶ ይመጣል፤ ፎቶው የደርሶ መልሱን ይነግረኛል። ከዚያ አንዱን ነገር እያጠፋሁ፣ ሌላውን እያበራሁ ደጋግሜ እለካለሁ። ሳሎኔ ወለል ላይ በሁለት ኮምፒውተርና በአንድ ገመድ፣ ምንም ውቅያኖስ በሌለበት፣ ሁለት ሰከንድ ተኩል መዘግየት ያየሁበት ምሽት ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ምስሉ እየተጓዘ አይደለም የዘገየው። እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ የሚጠብቀው ገና ካሜራው ሥር ነው። አንድ ሙሉ ኤችዲ ምስል በሰከንድ 30 ፍሬም ቢላክ፣ ሳይታመቅ በሰከንድ 1.5 ጊጋ ቢት ያህል ይሆናል። የትኛውም የሠርግ አዳራሽ ኢንተርኔት ይህን አይችለውም፤ ስለዚህ ኢንኮደሩ ወደ ሦስት ወይም አራት ሜጋ ቢት ያወርደዋል። በእኛ ሥራ ዛሬም በብዛት የሚያገለግለው ኤች264 የተባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። የሚሠራው የተለወጠውን ብቻ በመላክ ነው፤ የሙሽራዋ ቬሎ ሲንቀሳቀስ ያን ይልካል፣ ከኋላ ያለው መጋረጃ ግን እንደነበረ ይቆያል። የበለጠ ለማመቅ ሲፈልግ ደግሞ ወደፊት ያያል፤ ገና የሚመጡትን ፍሬሞች ተቀብሎ ካነጻጸረ በኋላ ነው የአሁኑን የሚለቀው። ኤክስ264 የተባለው በብዙ ቦታ የሚሠራበት ነፃ ፕሮግራም በተለመደው ቅንብሩ እስከ 40 ፍሬም ድረስ ወደፊት ያያል። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሰላ ይህ ብቻውን ከአንድ ሰከንድ ይበልጣል። ይህን የሚያጠፋ ቅንብር እዚያው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ሲጠፋ ምስሉ በመጠኑ ይደበዝዛል፣ መዘግየቱ ግን ወዲያው ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚጠብቀው ማሰራጫው ጋ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ኤችኤልኤስ የተባለው ዘዴ ቪዲዮውን በቁራጭ በቁራጭ ይልካል፤ አንዱ ቁራጭ መጀመሪያ 10 ሰከንድ፣ በኋላ 6 ሰከንድ እንዲሆን ይመከር ነበር። ቁራጩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ሳይሞላ አይነሳም። ተመልካቹ ጋ ያለው ፕሌየርም ሦስት ያህል ቁራጭ ሳይደርሰው ማጫወት አይጀምርም። ግማሽ ደቂቃ የሚሞላው መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘዴውን ግን አልነቅፈውም። ቪዲዮው ተራ የድረ ገጽ ፋይል ሆኖ በተራ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ሠርግ ሺህ ሰው ቢያየው ሺህ የተለየ መስመር መክፈት አያስፈልግም፤ ኔትወርኩ ለአፍታ ቢቋረጥም ተመልካቹ የተጠራቀመውን እያየ ያልፈዋል። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁራጩን ከፋፍሎ ሳይሞላ የሚልክ፣ መዘግየቱ በጣም ያነሰ ዓይነት አስተዋውቋል። ይሁንና ለሚመልስ ሰው እንጂ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ ችግር አይደለም እያልኩ ነበር የምሠራው፣ አባቴ እስኪያርፍ ድረስ።

አባቴ ያረፈው አዲስ አበባ ነው። እኛ ዘንድ ቀብር አይቆይም፤ በማግስቱ ነበር። ትኬት ቢገኝም አይደረስም። ለቅሶ የመጡ ዘመዶችና ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞልተው፣ የአጎቴ ልጅ ከመቃብር ቦታው በስልኩ የሚያስተላልፈውን በቴሌቪዥን እናያለን። አክስቴ ግን ጥግ ላይ ሆና በስልክ ከእህቷ ጋር ትነጋገራለች። በቴሌቪዥኑ ሳጥኑ ገና በሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ካህናቱ ቆመዋል። አክስቴ በድንገት «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። እዚያ ሳጥኑ ወደ ጉድጓድ መውረድ ጀምሯል። ለአክስቴ ቅርብ የነበሩት ሴቶች አብረዋት ጮኹ፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ያሉት ወንዶች ዞረው ያይዋታል፣ መልሰው ስክሪኑን ያያሉ፣ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሳጥኑ በስክሪኑ ላይ ሲወርድ ደግሞ እነሱ በተራቸው አለቀሱ፤ በዚያን ጊዜ አክስቴ ደክማ ግድግዳ ተደግፋለች። እኔ አባቴን በዚያ ሳሎን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት።

ለቅሶ አብሮ ካልተለቀሰ ምን ይሆናል? ያ ቤት ለሁለት የተከፈለው ምስሉ ስለዘገየ አልነበረም። ሁላችንም ቴሌቪዥኑን ብቻ ብናይ ወይም ሁላችንም ስልኩን ብቻ ብንሰማ ኖሮ፣ ግማሽ ደቂቃ ዘግይተንም ቢሆን አንድ ላይ እናለቅስ ነበር። የጎዳን አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መስማቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለይቼ ነው የምይዘው። መልስ መስጠት ያለበት ሰው መዘግየቱ ትንሽ መሆን አለበት። የሚመለከተው ሰው ቢዘገይም ግድ የለም፤ በአንድ ቤት ያሉት ግን እኩል መዘግየት አለባቸው። ስለዚህ የለቅሶ ወይም የተዝካር ሥራ ስይዝ ቀድሜ ለቤተሰቡ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ስርጭቱ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ማንም ከዚያ ቦታ ጋር ስልክ ከፍቶ እንዳይቀመጥ። አንዳንዶች ቅር ይላቸዋል። የሆነውን ስነግራቸው ግን ይገባቸዋል፤ በብዙዎቹ ቤትም ደርሷል።

ለሚመልሰው ሰው የሚሆነው መንገድ ከላይ ካልኩት ሁሉ የተለየ ነው። ተራው የኢንተርኔት ሥርዓት፣ ቲሲፒ የሚባለው፣ አንዲት ቅንጣት መረጃ መንገድ ላይ ብትጠፋ እስክትተካ ድረስ ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ያስቆማል። ለባንክ ሒሳብና ለደብዳቤ ይህ ትክክል ነው። ለንግግር ግን ያለፈች ቅንጣት ብትመጣም አትጠቅምም፤ ያመለጠችውን ትቶ ወደ አሁኗ መሄድ ይሻላል። ዩዲፒ በሚባለው መንገድ የሚሠሩት የቪዲዮ ጥሪ ዘዴዎች የሚያደርጉት ይህን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዌብአርቲሲን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የድረ ገጽ መደበኛ ደረጃ ሆነ። ዛሬ በአብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ላይ ባለ ብራውዘር ይሠራል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ የማይበልጥ መዘግየት ነው፤ ከ400 በላይ ከሆነ ግን ተቀባይነት የለውም ይላል። እኔ ከአዲስ አበባ ጋር ስሠራ ነገሮች ከተመቻቹ በሁለቱ መካከል እገኛለሁ። ለምርቃት ይበቃል።

ነገሮች የሚመቻቹት ግን ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ አዳራሹ ራሱ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ያለውን ማሰብ ነው፤ ሁለት መቶ ስልክ ይነሳል፣ ሁሉም ይቀርጻል፣ ግማሹ እዚያው በዋይፋዩ ይጭነዋል። ራውተሩ የሚልከው ሲበዛበት መረጃውን አይጥልም፤ ወረፋ ያስይዘዋል። ወረፋው ሲረዝም የእኔ ቪዲዮም ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ መዘግየቱ ከሰከንድ በላይ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ያውም ምንም ነገር ሳይቋረጥ። አሜሪካዊው ጂም ጌቲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን በራሳቸው ቤት መስመር ላይ ደርሰውበት ለዓለም አሳወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለ መፍትሔ አወጡ። የሚያየው ወረፋው ላይ ስንት ቅንጣት እንዳለ ሳይሆን እያንዳንዷ ስንት ጊዜ እንደጠበቀች ነው፤ ጥበቃው 5 ሚሊ ሰከንድ አልፎ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ከዘለቀ ከወረፋው መጣል ይጀምራል። ይህን በሚያደርግ ራውተር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ አገኘሁ። ከዚያም ሌላ፣ ለሽማግሌው መስመር የራሱ ገመድ እዘረጋለሁ፤ በዋይፋይ ላይ አልጥለውም። ትልቁን የአዳራሹን ቴሌቪዥንም ወደ ጌም ሞድ አደርገዋለሁ፤ ምስሉን ለማሳመር እያለ የሚያቆየው ጊዜ አለና።

የምስል ጥራትን በተመለከተ ከቤተሰብ ጋር የምንከራከርበት ጊዜ አለ። አባባ ጥርት ብለው እንዲታዩ ይፈልጋሉ፤ ፍላጎታቸው ይገባኛል፣ የዓመታት ናፍቆት ነው። እኔ ግን የምስሉን ጥራት ቀንሼ ለድምፁ ቅድሚያ እሰጣለሁ። ኦፐስ የተባለው የድምፅ ማመቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ድምፁን በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆረጠ በጣም ጥቂት መረጃ ብቻ ይልካል። የአባባ ፊት ለአፍታ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ «እድሜና ጤና ይስ—» ብሎ ቃል ቢቆረጥ ግን ምርቃቱ ይሰበራል።

ሽማግሌዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግር ሌላ ነገርም አለ፤ የራሳቸው ድምፅ ከአዳራሹ ስፒከር ወጥቶ፣ በእኛ ማይክ ገብቶ፣ ዘግይቶ ተመልሶ ይሰማቸዋል። በርናርድ ሊ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳዩት ሰው የራሱን ድምፅ ከ200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል፤ መንተባተብ የማያውቅ ሰው እንኳ ይንተባተባል። አንደበታቸው የተባ የነበሩ አዛውንት በስክሪን ሲሆን ሲደናገሩ ሰው «አረጁ» ብሎ ያዝናል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወደ እሳቸው በሚመለሰው ድምፅ ውስጥ የአዳራሹን ማይክ ብቻ አስቀርቼ የእሳቸውን ድምፅ እቀንሳለሁ። አንድ አዛውንት ከዚያ በኋላ ሲናገሩ መስማት እንዴት እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም። ድምፃቸው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ሁሉ አድርጌም ግን ሙሉ ምርቃት ያየሁት ከአንዲት እናት የተነሣ ነው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት አዲስ አበባ ሆነው ሊመርቁ ነው። መስመሩ ጥሩ ነበር፣ ሦስት መቶ ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ከጎናቸው አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል፣ የቤተሰቡ ጎረቤት ናቸው አሉ። አባትየው የመጀመሪያውን ሐረግ እንዳሉ እትዬ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሜን» አሉ። አባትየው ቀጠሉ። እትዬ እንደገና «አሜን»። የአዳራሹ ትልቅ አሜን ከእሳቸው አሜን ኋላ ተከትሎ ሲደርስ አባትየው ወደ ቀጣዩ ሐረግ ለመሻገር ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነበር፤ ገብቶ ሞላው እንጂ አላቋረጣቸውም። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ አያት ቅድመ አያት እየጠሩ፣ አገሩን እየመረቁ ሄዱ። ካሜራዬን ይዤ እያየሁ፣ እኔ በመሣሪያ ለማሳጠር የምታገላትን የመጨረሻዋን ክፍተት እኚህ እናት ሳያስቡት እንደሸፈኗት ገባኝ። አባትየውን የሚያሻግራቸው አሜን ከጎናቸው ይመጣ ነበር፤ የእኛው ቢዘገይም የሚያውከው ነገር አልነበረም።

አሁን ይህን ሆን ብዬ አደርገዋለሁ። ከአገር ቤት የሚመርቅ ሰው ካለ ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ «አሜን» የሚል አንድ ሁለት ሰው ከጎኑ እንዲኖር እጠይቃለሁ። መነሻ ክፍያ ስነጋገርም የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ካሜራ ብዛት መሆኑ ቀርቷል፤ «ማን ነው የሚመልሰው? ማን ነው የሚያየው?» ብዬ እጀምራለሁ። የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ለእሱ ትንሽዬ፣ ፈጣን፣ የተለየ መስመር እሠራለሁ። የሚያየው ዱባይ፣ ቴል አቪቭ፣ ዳላስ፣ ጎንደር የተበተነ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ደግሞ ያ ቀስ ብሎ የሚደርሰው፣ የማይቆራረጠው መንገድ ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ መንገድ ለማስኬድ የሚጠይቁኝን እምቢ እላለሁ፤ ገንዘቡ ቢያንስም እምቢ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መሣሪያ አልችለውም፤ ሰው እንዳይከፋው ቀድሜ እናገራለሁ። ዘፈን ነው። ቤተሰቡ «እነሱ እዚያ ሲያጨበጭቡ እኛ እዚህ አብረን እንድናጨበጭብ» ይለኛል። አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ምቱን እንዳይስቱ በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ30 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ሊበልጥ አይችልም፤ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ግን ብርሃን ራሱ ምንም ሳይጠብቅ ከዚያ እጥፍ ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱ ወገን ማይክ ከከፈተ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ዘፈኑም እየተጎተተ ሄዶ ይቆማል። ስለዚህ የምናደርገው አንዱ ወገን እንዲዘፍን፣ ሌላው ማይኩን ዘግቶ እየሰማ እንዲያጨበጭብ ነው። ብዙ ጊዜ ዘፈኑን ለአገር ቤት እሰጣለሁ፤ እኛ ዘግተን እንጨፍራለን፣ እነሱም ስንጨፍር በስክሪን ያዩናል። እስክስታው ከከበሮው ጋር የማይገጥም መስሎ ይታያቸው ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን በልክ ይገጥማል።